ስለ ድምፅና ስለ ጽሕፈት

በዚህ ዘመን ስልክ የሌለው ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ስልክ ካላቸው ሰዎች መካከል፣ ይልቁንም ከወጣቶቹ፣ መደወልን የማይወዱ እየበዙ መሄዳቸውን እናያለን። ጉዳይ ሲኖራቸው ጥቂት ቃል ጽፈው ይልካሉ፤ ሲደወልላቸው ግን ጥሪው እስኪያበቃ ድረስ ጠብቀው «ምን ፈልገው ነው?» ብለው በጽሕፈት ይጠይቃሉ። አባቶችና እናቶች ደግሞ በአንጻሩ የተጻፈ መልእክት ሲደርሳቸው እንደ ንቀት ይቈጥሩታል፤ «ድምፁን ነፈገኝ» ይላሉ። በዚህ ምክንያት በአባትና በልጅ፣ በንስሐ አባትና በንስሐ ልጅ መካከል ቅሬታ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ አስታራቂ ሆነንም ተቀምጠናል። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። እኛም ትንሽ መስሎን ኖረን ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በራሳችን ላይ የደረሰ አንድ ነገር ግን ትንሽ አለመሆኑን አስተማረን፤ እርሱንም በቦታው እንናገረዋለን።

በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ስልክ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ከካህናቱ አንዳንዶቹ፣ ሰውየው ሳይታይ ድምፁ ብቻ መሰማቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ተቃውሞውን ሳይቀበሉት እንደ ቀሩ ይነገራል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መሥመር ሥራ ተጀመረ፤ ከዚያም ወዲህ ስልክ ከቤተ መንግሥት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ መኖሪያ ቤት እየተዛመተ ሄደ። ዛሬ ያንን ወሬ እያነሡ በቀደሙት ካህናት የሚሥቁ ሰዎች አሉ። እኛ ግን ከመሣቅ እንቈጠባለን፤ በፍርዳቸው ቢሳሳቱም ያስደነገጣቸው ነገር እውነተኛ ነበርና። ድምፅ ከአካል ተለይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ፤ ደነገጡም። በእኛ ዘመን ደግሞ የዕለት ተዕለቱ ቃል ከድምፅ ተለየ፤ በዚህ የደነገጠ ሰው ግን አላየንም።

ደብዳቤስ ከጥንት ጀምሮ ቃልን ከድምፅ ለይቶ ሲያደርስ የኖረ አይደለምን? የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በጎጃም የቅኔ ተማሪ ሆነን ሳለን፣ ልጆቻቸው ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን የሄዱባቸው እናቶች ደብዳቤ እንድናነብላቸውና እንድንጽፍላቸው ይጠሩን ነበር። ስለዚህም አገልግሎት እንጀራ በወጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ጠላ እናገኝ ስለ ነበረ ሥራውን አንጠላውም ነበር። ከደብዳቤው የሚበዛው ሰላምታ ነው። አባት፣ አያት፣ ክርስትና አባት፣ ጎረቤቱ ሁሉ በየስማቸው እየተጠሩ እንደምን እንደ ሰነበቱ ይጠየቃሉ፤ ቁም ነገሩ በመጨረሻው ሁለት መሥመር ላይ ተጨናንቆ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ አይገኝም። አንዲት እናት የልጃቸውን ደብዳቤ አንብበን ከጨረስን በኋላ «እስቲ ድገመው» አሉን። ደገምነው። ራሳቸውን ነቀነቁና «እንደዚያ አይደለም፤ ልጄ ቀስ ብሎ ነው የሚናገር» አሉን። በሦስተኛው ቀስ ብለን አነበብንላቸው፤ ያን ጊዜ ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ወሰዱ። እንግዲህ የዚያ ዘመን ደብዳቤ ድምፅ አልባ አልነበረም፤ ድምፁን ከሚያነበው ሰው ይበደር ነበር።

የዛሬው አጭር መልእክት ግን ያን ሁሉ ሰላምታ የሚይዝበት ቦታ ሳይኖረው የተወለደ ነው። የመጀመሪያው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ዲሴምበር 3 ቀን 1992 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተላከ፤ የያዘውም ቃል የልደት በዓል መልካም ምኞት ነበር። የአንዱ መልእክት ልክ በላቲን ሆሄ 160 ሆኖ ተወሰነ፤ በእኛ ፊደል የተጻፈ እንደ ሆነ ግን 70 ብቻ ይይዛል። እንደምን ሰነበታችሁ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው ወይ፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ ብሎ የጀመረ ሰው ጉዳዩን ሳይነግር ከቦታው እኩሌታ በላይ ያልቅበታል። ወደ አገራችን ተንቀሳቃሽ ስልክ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ የጽሑፍ መልእክቱም አገልግሎት ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ተቋርጦ ቈይቶ በ2000 ዓ.ም. መባቻ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ከነበሩት ቀፎዎች ብዙዎቹ ፊደላችንን አያውቁትም ነበርና ሰው አማርኛውን በላቲን ሆሄ እየቀጠቀጠ ይልክ ነበር። አሁን ቀፎው ፊደላችንን ተምሯል፤ በኢንተርኔት በሚላከውም መልእክት የቦታው ጥበት ቀርቷል፤ በጥበቱ ዘመን የተለመደው አጻጻፍ ግን አልቀረም።

ጽሕፈት ድምፅን ምን ያህል እንደሚያጐድል የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አሳምሮ ያውቃል። ተማሪው ፊደል ከቈጠረ በኋላ ንባብ ይገባል፤ በዚያም ተነሽና ወዳቂውን፣ ሰያፍና ተጣዩን ለይቶ እስኪያውቅ ድረስ ከመምህሩ አፍ ይሰማል፤ ይህ በብራናው ላይ አልተጻፈምና። በዜማም ሊቃውንቱ ከፊደሉ በላይ ይዘትና ደረትን፣ ድፋትና ቅናትን፣ ጭረትና ርክርክን የመሰሉ ምልክቶች አኖሩ፤ ሆኖም ምልክቱን ብቻ አይቶ፣ ከመምህር ሳይሰማ ድጓ የዘለቀ ሰው አላጋጠመንም።

አማርኛችንም እንዲሁ ነው፤ ማጥበቅና ማላላት በፊደል አይታይም። አንድ አስተማሪ ለአንድ አባት «ልጅዎ በትምህርት ቤት ይመታልና መጥተው ያነጋግሩን» ብሎ ጻፈለት። አባትየው ቃሉን አላልቶ አነበበው፤ ልጁ ሌሎችን የሚመታ መሰለውና ማታ በአርጩሜ ገረፈው። በማግሥቱ ሄዶ ሲጠይቅ ቃሉ ጠብቆ መነበብ የነበረበት ሆኖ ተገኘ፤ ተመቺው የእርሱ ልጅ ነበር። እንግዲህ ያ ሕፃን ቀን በጓደኞቹ፣ ማታ በአባቱ ተመታ። አባትየው ይህን ሲነግረን እጁን እያየ ነበር። አስተማሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኵሎ ነበር እንጂ፤ ቢደውል ኖሮ ነገሩ በአንድ ትንፋሽ ይታወቅ ነበር። «እሺ» የሚለውን ቃል ብንወስድም በድምፅ ሲነገር መታዘዝን፣ መሰልቸትን፣ ዛቻን፣ ፍቅርንም ይገልጻል፤ ተጽፎ ሲመጣ ግን ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ የጐደለውን የሚሞላው አንባቢው በዚያ ሰዓት በልቡ ያለው ነገር ነው። የተቈጣ ሰው ቍጣን ያነባል፤ የፈራም ሰው ፍርሃትን ያነባል።

ከዚህም ሌላ የቋንቋችንን ምስክርነት እንስማ። ብዙ ጊዜ ያልተገናኘነው ሰው ሲያገኘን «ምነው ድምፅህ ጠፋ?» ይለናል፤ ያለ ጉዳይ የደወለም ሰው «ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» ይላል። ጽሕፈትህ ጠፋ የሚል ሰው የለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ምክንያት በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የስልክ መሥመር በተቋረጠበት ጊዜ፣ እናቱ በዚያ የነበረች አንድ ዲያቆን ለብዙ ወራት በየማለዳው ያንኑ ቍጥር ሲሞክር እናየው ነበር። በኋላ መሥመሩ ሲመለስ ምን እንዳለችው ጠየቅነው። «ሳለች ሰማኋት» አለን። ሳሏን ለይቶ ያውቀው ኖሯል።

ይህን ሁሉ ስንናገር ግን ለወጣቶቹ ያለን ፍርድ ቀና እንዲሆን የእነርሱንም ነገር መስማት ይገባናል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «አባታችን፣ ስልክ የሚደውል ሰው በር ሳያንኳኳ ዘው ብሎ የሚገባ ሰው ነው» አለን። በመጀመሪያ ስድነት መሰለን፤ ሰንብተን ስናስበው ግን እውነት አገኘንበት። በአገራችን ሥርዐት ወደ ሰው ቤት የሚሄድ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ የቤቱ ጌታ እየበላ እንደ ሆነ፣ እየጸለየ እንደ ሆነ፣ ከሚስቱ ጋራ እየተጣላም እንደ ሆነ ራሱን ሰብስቦ «ማነው? ግባ» እስኪል ድረስ ይጠብቃል። የስልክ ጥሪ ይህን አያውቅም፤ በማዕድ ላይም፣ በቅዳሴም ላይ ይገባል። (በቅዳሴ ላይ የሚገባው ግን የደዋዩ ጥፋት አይደለም፤ ስልኩን ሳይዘጋ የገባው የባለቤቱ ነው፤ ከካህናትም መካከል እንዲህ የሚያደርጉ አሉና ስለዚህ ሌላ ጊዜ እንጽፋለን።) አጭር መልእክት ግን በአጥር ውጭ ቆሞ መጣራትን ይመስላል፤ ሰውየውን በጊዜው ላይ ጌታ ያደርገዋል። ይህ መልካም ሥርዐት ነው። የሚከፋው «ቤቶች!» ብሎ ከተጣራ በኋላ ግባ ሲባል አልገባም ብሎ፣ ጉዳዩን ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ጮኾ ተናግሮ የሚመለስ ሰው ነው። ዓመት ከዓመት እንዲህ የሚያደርግ ሰው ጎረቤት ነው ለማለት ያስቸግራል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። በድምፅ ሊነገር የማይቻለውን በጽሕፈት ብቻ የሚናገሩ ሰዎች አሉ። ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ በተያዘ ጊዜ የልጁን ስም በሰሌዳ ላይ ጻፈ፤ በጽሕፈቱም ቤተ ዘመዱ ሁሉ የተከራከረበት ነገር ተቈረጠ። መስማት ለተሳናቸው ወገኖቻችን ስልክ ከመቶ ዓመት በላይ የማይጠቅም ዕቃ ሆኖ ኖረ፤ ከራቀ ወዳጅ ጋራ እንደ ሌላው ሰው በኪስ ስልክ መነጋገር የቻሉት የጽሑፍ መልእክት ሲመጣ ነው። አንደበቱ የሚይዘው አንድ ወጣትም ለሦስት ዓመት በየጊዜው ወደ እኛ እየመጣ ስለ አየሩና ስለ ትምህርቱ ብቻ አውርቶ ይሄድ ነበር። አንድ ሌሊት በስልክ ጽፎ በሦስት መሥመር የልቡን ነገረን። ያንን በአፉ እንዲነግረን ብንጠብቅ ኖሮ ዛሬም ስለ አየሩ እንነጋገር ነበር። እርግጥ ነው፣ ንስሐው በመልእክት አልተፈጸመም፤ በማግሥቱ መጣና ከፊታችን ተቀመጠ፤ ነገር ግን በሩን የከፈተለት ጽሕፈት ነው።

ሐዋርያትም ሁለቱን መንገድ ያውቁ ነበር። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ በመካከላቸው ተገኝቶ ድምፁን ለመለወጥ መውደዱን አልሸሸገም፤ የጻፈው ተግሣጽ ከልቡ ይልቅ ከብዶ እንዳይሰማቸው የሠጋ ይመስላል። ዮሐንስም በሁለተኛይቱና በሦስተኛይቱ መልእክቱ መዝጊያ ላይ፣ የሚጽፈው ብዙ ሳለው ቀለሙንና ወረቀቱን ትቶ፣ መጥቶ ፊት ለፊት መነጋገርን መረጠ። ሆኖም ሁለቱም ጽፈዋል፤ መሄድ ባልቻሉበት ጊዜ የሚሰሙትን ሰዎች ያለ ቃል አልተዉአቸውም። ከዚህ የምንረዳው፣ ምርጫቸው የሚመዘነው በሚጽፉላቸው ሰዎች ፍላጎት እንጂ በራሳቸው ምቾት እንዳልነበረ ነው። ዛሬ ግን ሰው «እኔ መጻፍ እወዳለሁ»፣ «እኔ መደወል እወዳለሁ» ሲል እንሰማለን፤ ክርክሩ ሁሉ ስለ ላኪው ነው፤ ተቀባዩን የሚጠይቀው የለም። ማንበብ ለማይችሉ እናት ጽፎ የሚልክ ልጅ የቤቱን ምስጢር ለጎረቤት ልጅ አፍ አሳልፎ ይሰጣል፤ አነባቢው እርሱ ነውና። በሥራ ላይ ያለ ልጁን በቀን ስድስት ጊዜ የሚደውልለት አባትም ፍቅሩን ይገልጻል እንጂ የልጁን እንጀራ አያስብም።

የምስጢርን ነገር ካነሣን ዘንድ አንድ ቃል እንጨምር። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ ይህም ስለ ዕውቀት ሲነገር እውነት ነው። ነገር ግን ጠብም ይወረሳል። በአንድ የባልና የሚስት እርቅ ላይ ሽማግሌዎች ተቀምጠን ሳለን ሚስቲቱ ስልኳን አውጥታ ባሏ ከአራት ዓመት በፊት በቍጣ የጻፈላትን ቃል አነበበችልን። ቃሉ በአፍ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ እርሷም ግማሹን በረሳችው፣ እርሱም ግማሹን በካደው፤ እርቁም በዚህ መካከል መንገድ ባገኘ ነበር። ተጽፎ ስለ ተገኘ ግን የሚረሳም የሚካድም ነገር ታጣ፤ ያን ለመሻር ሁለት ወር ፈጀብን።

አሁን በመጀመሪያ ቃል ወደ ገባንበት ነገር እንመለስ። ከንስሐ ልጆቻችን አንዲቱ ከዐረብ አገሮች በአንዱ በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ስድስት ዓመት ሆኗት ሳለ አባቷ በአገር ቤት ዐረፈ። መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር አንባቢ ያውቃል፤ ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ሰውየው በሩን ከፍቶ የቆሙትን ሲያይ ገና ቃል ሳይወጣ ያውቃል፤ ሲወድቅም የሚይዘው ክንድ በአጠገቡ አለ። ለእርሷም በዚያው አገር ያሉ የአገሯ ልጆች በዕረፍት ቀኗ ተሰብስበው እንዲነግሯት ቤተ ዘመዱ ተስማምቶ ነበር። ነገር ግን ከዘመዶቿ አንዱ ወጣት፣ ክፋት ሳያስብ፣ የሟቹን ፎቶግራፍ «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሕፈት ጋራ በፌስቡክ አወጣው። እርሷም በአሠሪዎቿ ወጥ ቤት ሳህን አጥባ እጇን እየጠረገች ስልኳን ስትከፍት አየችው። እንዳትጮኽ የሰው ቤት ነው፤ እንዳትወጣ በሩ የእርሷ አይደለም። የቀሩትን ሳህኖች አጠበች።

በዚያው ሌሊት «አባቴ፣ አባቴ ሞተ» ብላ ጻፈችልን። ሌላ ቃል አልነበረውም። እኛም ከኪዳን በፊት አነበብነው። ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጠን ረዘም ያለ የማጽናኛ ቃል ጻፍን፤ ከመጻሕፍት ጠቀስን፤ የቅዱሳንን ኀዘን በምሳሌ አመጣን፤ ሁለት ጊዜ አርመን ላክንላት። ለምን አልደወልንም? ያን ጊዜ ለራሳችን የሰጠነው ምክንያት፣ በሥራ ላይ ትሆናለች፣ አሠሪዎቿም ይቈጧታል የሚል ነበር። ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ልቅሶዋን መስማት ፈራን። በጽሕፈት የሚያጽናና ሰው የሚያጽናናውን ሰው ልቅሶ አይሰማም፤ የሚናገረውም ቃል በመካከል አይቋረጥበትም። ማታ «አመሰግናለሁ አባቴ» ብላ መለሰች፤ ለእኛም ጉዳዩ የተፈጸመ መሰለን። እንዲያውም ያን ጽሑፍ ለሌላ ኀዘንተኛ ይሆናል ብለን አስቀመጥነው።

ከአርባው በኋላ አንድ ቀን ራሷ ደወለች። ከአሠሪዎቿ ተሸሽጋ ልብስ በምታሰጣበት ሰገነት ላይ ሆና ነበር፤ የነፋሱ ድምፅ ይሰማን ነበር። ጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም «አባቴ፣ እስካሁን አብሮኝ ያለቀሰ ሰው የለም» አለችን። ምሁር ነን ብለን የምንታማ ሰዎች የምንናገረው አጣን፤ ያ ሁሉ የጻፍነው ጥቅስ ከአፋችን ሊወጣ አልቻለም። እርሷ ስታለቅስ እኛም አለቀስን። ሩብ ሰዓት ያህል በመሥመሩ ላይ ቈየን፤ የተነጋገርነው ግን ከዐሥር ቃል አይበልጥም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰን አስቀድመን የምንጽፈው «ልደውል ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። እርሷም በዕረፍት ቀኗ ትደውልልናለች፤ አንዳንድ ጊዜ ጉዳይ የላትም። በቅርቡ ያን ረዥም መልእክት አንሥተን ይቅርታ ጠየቅናት። ሣቀች። መልእክቱ አሁንም በስልኳ ውስጥ እንዳለ፣ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አንብባው እንደማታውቅ ነገረችን።